ልዕልት ፀሐይ፦ ነርስ የሆኑት የንጉሥ ልጅ

በዚህ እትም የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት በአጭሩ እናነሳለን። ታሪካቸውን የመረጥነው የንጉሥ ልጅ ስለነበሩ አይደለም። ሙያቸው ነርስነት ነበር። ያረፉትም ዛሬ በየቀበሌያችን ትምህርት በሚሰጥበት በዚያው ጉዳይ፣ በእርግዝና ምክንያት ነው። ስለዚህ የእርሳቸው ታሪክ የኛም ጉዳይ ነው እንላለን።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸውም ኋላ እቴጌ የሆኑት ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ከሦስቱ ሴቶች ልጆች የመጨረሻዋ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሆስፒታል የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። እናቶች የሚወልዱት በቤታቸው፣ በልምድ አዋላጅ እጅ ነው። የትልቅ ሰው ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ታነጥፋለች፣ ቁስል ታጥባለች ብሎ የሚያስብም ብዙ አልነበረም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገራችንን ሲወርር ልዕልቲቱ ገና የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሴቶች የሥራ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ ሆነው፣ የእንግሊዝ ሚኒስትር ባለቤትም አብረው እየሠሩ፣ ሴቶቹ ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያና ልብስ አዘጋጁ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲጠቀም ደግሞ ከጨርቅ የፊት መከለያ ሰፉ። ልዕልት ፀሐይም በዚህ ሥራ ተሳትፈዋል። ማኅበር የምንለው ነገር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ትናንት የመጣ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በዚያው ዓመት ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ልዕልት ፀሐይ ግን ስደቱን በቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አላሳለፉትም። ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። በ1931 ዓ.ም የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል የአጠቃላይ ነርስነት ሥልጠና ቀጠሉ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሳበት፣ ለንደን በቦምብ የምትደበደብበት ነበር።

አገራችን በ1933 ዓ.ም ነፃ ስትወጣ ልዕልቲቱም ተመለሱ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም ከኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ስለነበሩ አብረው ወደ ለቀምት ሄዱ። ከጋብቻቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ለቀምት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያረፉት ያልተማሩ ሴት አይደሉም። በለንደን ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርስ ናቸው። ደሃም አልነበሩም። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ የጤና ዕውቀት በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከቀረ እርሷን ለማትረፍ እንደማይበቃ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ደም ሲፈሳት ለራሷ መሮጥ አትችልም። በአጠገቧ ያለ ሰው ምልክቱን አውቆ መነሳት አለበት። መንገድና መኪና ያስፈልጋል። የምትደርስበት ቦታም ሐኪምና የሚሰጥ ደም ሊኖረው ይገባል።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ስለሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች ያስተምሩናል። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ለማግኘት መዘግየት ነው። ለኛ ለካፋ ሴቶች ሦስቱም እንግዳ አይደሉም። ባል ገበያ ሄዷል፣ አማት ትንሽ እንጠብቅ ትላለች። ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ይሆንና ሰው በቃሬዛ ይወጣል። ነሐሴ ለቡና አገር ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ለናንተ መንገር አያሻንም።

ከልዕልቲቱ ሞት በኋላ መታሰቢያቸው ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል እንዲሆን ተወሰነ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። ሕሙማንን ከማከም ሌላ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እርሱ ነው።

መንግሥትም የጤና ትምህርት ከሆስፒታል ግቢ እንዲወጣ ቀስ በቀስ ሞክሯል። በ1947 ዓ.ም በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች አብረው ሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ተመደቡ። ሥራቸው ማከም ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ነበር። ትልቁ እርምጃ ግን በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከቤት ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ እርግዝና ክትትል አስተማሩ። አምቡላንስም ለየወረዳው ታደለ፣ በየጤና ጣቢያውም የእናቶች ማቆያ ተሠራ።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ይህ ወደ 412 ወርዷል። ከግማሽ በላይ መቀነሱ ያስደስታል። ይሁን እንጂ በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ቀሪ ሂሳብን መርሳት አንችልም። ቀሪው 412 እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው እናቶች ናቸው።

በቦንጋም ሆነ በዙሪያው ወረዳዎች የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን በቡና ሰዓት መጥተው በካፊኛ ሲያስተምሩን እናውቃለን። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው እኛ ሴቶች ብቻ ነን። ገንዘቡን የያዘው፣ ቃሬዛውን የሚሸከመውና መኪና የሚጠራው ወንድ አልሰማውም። ለአንዲት ሴት ብቻ የተነገረ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በጤና ትምህርት ቀን ባሎችና አማቶች እንዲጠሩ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት የአደጋ ምልክቶች መሆናቸውን ሁሉም ይወቅ። ሁለተኛ፣ ለወሊድና ለእርግዝና አደጋ የሚሰጥ ብድር የወር ስብሰባ እንዳይጠብቅ። አሁን ባለው አሠራር ማንኛውም ብድር የኮሚቴውን ሙሉ ፊርማ ይጠይቃል፤ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ፊርማ እስኪሟላ አትቆይም። ገንዘብ ያዥዋ የመጓጓዣውን በአንድ ምስክር ፊት ሰጥታ፣ ደረሰኙ በኋላ ይወራረድ። ሦስተኛ፣ ሐኪም የፈቀደልን አባላትና ደጋፊዎች ሁሉ ደም የመለገስ ልማድ እናዳብር። ቤታቸው ሩቅ የሆነ እናቶችም መውለጃቸው ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ እንዲገቡ እንምከር።

ልዕልት ፀሐይ የተማሩትን ለወገናቸው ለማዋል ተመልሰው መጡ፤ ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። ሆስፒታሉ በስማቸው ሲሠራ ከሩቅ አገር ሰው እንኳ ያለውን አዋጥቷል። እኛ ደግሞ ለጎረቤታችን የምናዋጣው ቀላል ነው፤ የሰማነውን ለቤተሰብ መንገር፣ ጥቂት ብር ለክፉ ቀን ማስቀመጥና በተጠራን ጊዜ ፈጥኖ መነሳት።