አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ዘንድሮ ጉልበቴን ታምሜ ከትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን በመውጣቴ መምህሬ ስለ አንድ የስፖርት ሰው እንድጽፍ አዘዙኝ። እውነቱን ለመናገር ከፍቶኝ ነበር፤ ኳስ ለለመደ ሰው ብዕር ምን ያደርግለታል?

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ዝነኛ ባለ ቅኔ ነበሩ። ልጃቸው ግን ወደ ኳስ አዘነበሉ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም 23 ዓመት ተጫወቱ። ከዚህ ውስጥ አምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በአንድነት እንዳይጫወቱ ተከልክሎ ነበር።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች።

አሠልጣኝ ሆነው ያገኙትን ድል የማያውቅ የለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ የእኛዎቹም ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አባቴ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለዱም፤ ሆኖም እያንዳንዱን ጎል ዐይናቸው እንዳየ አድርገው ይተርኩልኛል።

ብዙ ሰው ታሪካቸውን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሥራቸው ደብዳቤ፣ ስብሰባና ንግግር ሆነ፤ ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው። በ1958 ዓ.ም. አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የተረጋገጠ ቦታ ስላልተሰጣት አገሮቿ በአንድነት ቀርተው ነበር፤ በ1962 አንድ ቦታ፣ እርሳቸው በመሩበት ዘመን ደግሞ በ1974 ሁለት ቦታ ተገኘ። የዘር መድልዎ ትከተል የነበረችው ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ ተባረረች።

የእኛ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። አባቴ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ሶዶ መንገድ አወጡኝ። ያ ውድድር የማን እንደ ሆነ፣ ማኅበሩንም እነማን እንዳቋቋሙት ያን ማታ አልጠየቅሁም።

በሚመጣው ቅዳሜ ቡድናችን ይጫወታል። እኔም ደብተሬን ይዤ ከመስመሩ ውጭ እቀመጣለሁ፤ ምንም እንኳ እግሬ እንቢ ቢለኝ።