አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ

ከአርብ ገበያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሸሎ ወንዝ ይገኛል። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ዛሬ ወሎ ይባላል፤ በቀድሞ ዘመን ግን አማራ ተብሎ የሚጠራው ግዛት በዚያ ነበረ። በዚያም ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ የሚባል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ1531 በግራኝ ጦር ተቃጠለ፤ የቦታው ስም ግን አልጠፋም። አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ የተወለዱት በመካነ ሥላሴ ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ባደጉበት ዘመን በኢትዮጵያ ስለ ሃይማኖት ብዙ ጠብ ተነሣ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ አባ ጎርጎርዮስም ከተቀበሉት ወገን ሆኑ። ወንድም ከወንድሙ ተጋደለ፥ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ከባሕር ማዶ የመጡትንም መምህራን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ትተው ወጡ። ከብዙ ድካም በኋላም ሮማ ደረሱ።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። ይህ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ተሰጥቶ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 ማሳተም የጀመሩት በዚሁ ቤት ሲኖሩ ነው። አባ ጎርጎርዮስም በዚህ ቤት ተቀመጡ።

በ1649 አንድ የጀርመን ወጣት ወደዚያ ቤት መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ የተወለደውም ኤርፉርት በምትባል ከተማ ነው። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ይህ ወጣት ግዕዝን ያለ መምህር ከታተሙ መጻሕፍት ለብቻው ተምሯል። ነገር ግን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ፊደሉን በዐይኑ ያውቀዋል እንጂ ድምፁን በጆሮው አያውቀውም። ጠን ከተ፥ ቀን ከከ ለይቶ መናገር ለጀርመን ልሳን ጭንቅ ነው። በአባ ጎርጎርዮስና በሉዶልፍ መካከል የጋራ ቋንቋ የሆነው ግን ይኸው ግዕዝ ነበር። ልጅ የሚሆናቸውን ሰው አባ ጎርጎርዮስ አልናቁትም፤ ሉዶልፍም ከአዛውንት እግር ሥር ቁጭ ብሎ መማርን አላፈረም።

ከዚህ በኋላ ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት ቤት አገልጋይ ሆነ። መስፍኑ እግዚአብሔርን የሚፈራና ትምህርት የሚወድ ሰው ነበረ። ሉዶልፍም ስለ ኢትዮጵያዊው መምህር ነገረው፤ መስፍኑም ይምጡ ብሎ ጠራቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በሽምግልናቸው ከሮማ ተነሥተው ታላላቅ ተራሮችን ተሻግረው ጀርመን ገቡ። 30 ዓመት የቈየው ጦርነት ካበቃ ገና 4 ዓመት ስለ ነበር አገሩ ከጥፋቱ አልዳነም ነበር። የመስፍኑ ቤት ፍሪደንስታይንም ገና በመሠራት ላይ ነበር።

በጎታ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ያ ዓመት ለሉዶልፍ ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ዓመት ሆነ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፥ ስለ ሕጉ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ስለ አራዊቱም ጠየቋቸው፤ ሉዶልፍም እያስተረጐመ መልሱን ጻፈ። ከዚያም ሁለቱ የግዕዝን ቃል ፍቺ እየመረመሩ ይሠሩ ነበር። አማርኛን ደግሞ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ተማረ። በዚያን ጊዜ የአማርኛ ሰዋስው በአውሮፓ ገና አልታተመም ነበርና ቃሉን ሁሉ እየጠየቀ ከመጻፍ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ሰው አፍ የፈታበትን ቋንቋ ሲናገር ሕጉን አያስብም፤ ለምን እንዲህ ይባላል ብሎ የሚጠይቅ ባዕድ ሲመጣ ግን መልሱን መፈለግ ይጀምራል። አባ ጎርጎርዮስም በዚያ እርጅና እንደ ተማሪ ሆነው ገና በልጅነታቸው የተናገሩትን ቋንቋ መረመሩ።

በዚያው ዓመት ከጎታ ተሰናብተው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ጉባኤ በደብዳቤ ሆነ። ሉዶልፍ ከጀርመን ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ በግዕዝ ጽፈው ይመልሳሉ።

የአባ ጎርጎርዮስ ልብ ግን ወደ አገራቸው ነበር። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በመርከብ ተሳፈሩ። መርከቢቱ በሶርያ ባሕር እስክንድሩን በሚባለው ወደብ አጠገብ ተሰበረች፤ አባ ጎርጎርዮስም ሰጥመው ሞቱ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሉዶልፍ መምህሩን ካጣ በኋላም ሥራውን አልተወም። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን ታተሙ። ያሳተመው ሌላ ሰው ስለ ነበር ብዙ ስሕተት ገባባቸው፤ ሉዶልፍ ግን መዝገበ ቃላቱን በ1699፥ ሰዋስውን በ1702 አርሞ እንደ ገና አሳተመ። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 በላቲን ቋንቋ አወጣ። ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ነገር በዚህ መጽሐፍ በብዙ ቦታ ጻፈ፤ የነገሩትንም የርሳቸው መሆኑን አልሸሸገም። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ከተማ የታተሙት በ1698 ነው። በዚያን ጊዜ ሉዶልፍ የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስም ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።