አርቱር ሽናብል፦ ወደ በርሊን ያልተመለሰው ፒያኒስት

አርቱር ሽናብል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ኮንሰርት ማቅረቡን አላቆመም። አሜሪካ ውስጥ ተጫውቷል፣ ለንደን ሄዶ ሸክላ አስቀርጿል፣ በ1947 ደግሞ በኤድንብራ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ነበር። ጀርመንና ኦስትሪያ ግን እግሩን አላነሳም። ያደገው ቪየና ነው፤ በርሊን ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ ኖሯል፤ በዓለም ስሙን ያስጠራውም የነዚሁ አገሮች ሙዚቃ ነው፣ የቤትሆቨን፣ የሞዛርትና የሹበርት። ሙዚቃውን እስከ ዕለተ ሞቱ ተጫወተው፤ አገሮቹን ግን ዳግመኛ አላያቸውም።

የተወለደው በ1882 ዓ.ም. ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በሚገኝ፣ ያኔ ግን በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረ ትንሽ ቦታ፣ ከአንድ አይሁዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ቪየና ገባ። ፒያኖ እንዲማር ያሰበ ሰው አልነበረም። አስተማሪ የተቀጠረው ለእህቱ ነበር፤ የአራት ዓመቱ ልጅ ግን የእሷን ትምህርት ማንም ሳያሳየው መጫወት ጀመረ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ዘንድ ገባ። ሌሼቲትስኪ በዘመኑ ከአውሮፓ ሁሉ ተማሪ የሚጎርፍለት መምህር ነው፤ እሱ ራሱ የካርል ቸርኒ ተማሪ ነበር፣ ቸርኒ ደግሞ የቤትሆቨን። እንግዲህ ሽናብል ከቤትሆቨን ሲቆጠር አራተኛው ነው ማለት ነው። ሌሼቲትስኪ ለልጁ የነገረው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል፦ ፒያኒስት እንደማይሆን፣ ምክንያቱም ሙዚቀኛ እንደሆነ ነገረው። ስድብ ይመስላል እንጂ ስድብ አይደለም። ያኔ ፒያኒስት የሚባለው በፍጥነቱና በጣቶቹ ትርዒት ሰውን የሚያስጨበጭብ ነበር። መምህሩ ያንን ትቶ የሹበርትን ሶናታዎች እንዲያጠና አደረገው፤ በዚያን ጊዜ እነዚያን ሶናታዎች የሚጫወት ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1898፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ በርሊን ሄደ። እዚያ ከዘፋኟ ቴሬዘ ቤር ጋር ተገናኘ። በዕድሜ ትበልጠዋለች፣ በዝናም ያኔ ትበልጠው ነበር። በ1905 ተጋቡ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፣ አብረውም ኮንሰርት ያቀርቡ ነበር። ሽናብል ከቫዮሊኒስቱ ካርል ፍሌሽ ጋር ለዓመታት ተጫውቷል። ከብሮኒስላቭ ሁበርማን ጋርም ተጫውቷል፤ ሁበርማን ማለት በ1936 ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የምንለውን ኦርኬስትራ የመሠረተው ሰው ነው።

መድረክ ላይ ጠባዩ ለየት ያለ ነበር። ሕዝቡ የፈለገውን ያህል ቢያጨበጭብ ተጨማሪ አይጫወትም። ፕሮግራሙ አለቀ፣ አለቀ ነው። በ1927 ቤትሆቨን የሞተበት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ 32ቱንም ሶናታዎች በርሊን ውስጥ ተጫወታቸው።

ሸክላ የሚባል ነገር ግን አይወድም ነበር። ለዓመታት እምቢ ሲል ኖሮ በመጨረሻ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲደርስ እሺ አለ። ከ1932 እስከ 1935 ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ 32ቱን ሶናታዎች አስቀረጸ፤ ሁሉንም በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለሆነ ሙዚቃው መሀል ላይ እየተቆረጠ ነው የሚቀረጸው። የተሳሳተ ቢኖር ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። ስለዚህ ስህተቶቹ እዚያው ቀሩ። ኦፐስ 106 የሚባለውን ከባዱን ሶናታ ቤትሆቨን በጻፈው በዚያ በሚያስፈራ ፍጥነት ልጫወት ብሎ ጣቶቹ ሲደናቀፉ በግልጽ ይሰማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከብዙ ንጹሕ ቅጂ ይልቅ ይሄንን እመርጣለሁ።

ቅጂው ሳያልቅ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሽናብል ከ1925 ጀምሮ በበርሊን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው፤ በ1933 ከነቤተሰቡ አገሩን ለቆ ወጣ። ጣሊያን ውስጥ በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ትሬሜዞ በምትባል መንደር ማስተማሩን ቀጠለ። ትምህርቱ በግል አይሰጥም። አንዱ ይጫወታል፣ ሌሎቹ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ስለዚህ ሁሉም የሁሉንም ትምህርት ይማራል።

ሕፃናትን ግን አይቀበልም ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ወዳጆቹ እራት ጋበዙትና፣ እሱ ማዕድ ላይ ሳለ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጓሮ በር አስገብተው ፒያኖው ጋ አስቀመጡት። ሽናብል ከእራት ሲነሳ ልጁን አገኘው፣ ሰማው፣ ተቀበለው። የሰጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ እየተማረ ኮንሰርት እንዳያቀርብ። ልጁ ሊዮን ፍላይሸር ነው። በ1938 ትሬሜዞ ሄዶ ተማረ፤ በኋላ ራሱ ስመ ጥር ፒያኒስት ሆነ፣ ቀኝ እጁ ሲታመምበትም በግራው ብቻ እየተጫወተ ብዙዎችን አስተማረ።

በዚያው በ1938 ጣሊያንም በአይሁዳውያን ላይ የዘር ሕግ አወጣች። ሽናብል በ1939 አሜሪካ ገባ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ1944 ዜግነት አገኘ። እናቱ ኤርነስቲነ ግን ቪየና ቀርተው ነበር። በነሐሴ 1942፣ በ83 ዓመታቸው፣ ወደ ቴሬዘንሽታት ካምፕ ተወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ቪየና ለምን አልሄደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል?

ሽናብል ሙዚቃም ይደርስ ነበር፤ ሲምፎኒዎች ጽፏል። የሚገርመው፣ የራሱ ድርሰት ለጆሮ የሚከብድ፣ ከሚጫወተው ከቤትሆቨንና ከሹበርት ጋር የማይመሳሰል ዘመናዊ ሙዚቃ ነው። 

በነሐሴ 1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ አክሰንሽታይን በሚባል ቦታ በ69 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው እዚያው አቅራቢያ፣ ሽቪትስ ከተማ ነው።