የሰማይን ርቀት በመስታወት ላይ ያነበበች፦ ሄንሪዬታ ሊቪት

በዲሴምበር፣ ጨረቃና ደመና በሌሉበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ከዳበል ወደ ደቡብ ብንመለከት፣ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጭስ የደበዘዘ ብርሃን እናያለን። ትንሹ የማጌላን ደመና የሚባል ጋላክሲ ነው። የጋላክሲዎችን ርቀት ለመለካት በር የከፈተችው ሴት ግን ከአገሯ ሆና ልታየው አትችልም ነበር።

ሄንሪዬታ ስዋን ሊቪት እ.ኤ.አ. በ1868 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ተወለደች። ከኮሌጅ ከወጣች በኋላ የመስማት ችሎታዋ እየደከመ ሄደ። በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ተቀጥራ፣ በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት፣ ከፔሩ የሚላኩ በመስታወት ላይ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎችን ትመረምር ነበር። በ1908 በሁለቱ የማጌላን ደመናዎች ውስጥ ብርሃናቸው ከፍና ዝቅ የሚል 1,777 ከዋክብትን ዘርዝራ አሳተመች።

በ1912 ደግሞ ከትንሹ ደመና 25 ከዋክብትን ለይታ አንድ ሕግ አገኘች፤ ብርሃኑ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ኮከብ በእውነተኛ ብርሃኑ ይበልጣል። በሩቅ ያለ ፋኖስ እንደሚደበዝዝ እናውቃለን። የፋኖሱን እውነተኛ ብርሃን ካወቅን፣ ከድብዘዛው ርቀቱን እናሰላለን። ሊቪትም የሰጠችን ይህንኑ ነው። ጽሑፉ የወጣው ግን በአለቃዋ በፒከሪንግ ፊርማ ነበር፤ እሷ እንዳዘጋጀችው በውስጡ ተጠቅሷል።

ሊቪት በ1921 በካንሰር ዐረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤድዊን ሃብል በአንድሮሜዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አገኘ፤ በእሷ ሕግ ሲያሰላም አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኑ ታወቀ። በ1925 አንድ የስዊድን የሒሳብ ሊቅ ለኖቤል ሽልማት ሊያስጠቁማት ፈልጎ ጻፈላት፤ መሞቷን አልሰማም ነበር።

ሥራዋ ዛሬም አልቆመም። በከዋክብት መካከል ያለ አቧራ ብርሃንን ስለሚያደበዝዝ ልኬቱን ያሳስታል፤ ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር ግን አቧራውን በቀላሉ ያልፋል። በ2003 የመጠቀው ስፒትዘርና በ2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፖች እነዚያኑ ዓይነት ከዋክብት በዚህ ጨረር አይተው ርቀቱን ይበልጥ አጥርተዋል።

እኛ መምህራን፣ ስንጠራው ፈጥኖ ያልመለሰ ልጅ ትምህርቱ ያልገባው የሚመስለን ጊዜ አለ። የሊቪት ሕይወት ይህን ስሕተታችንን ያርመናል። ከኋላ ወንበር በዝምታ የምትጽፈውን ልጅ ደብተር ቀርበን እንይ።