ከፍጥረት የተማረ ዜመኛ፦ የቅዱስ ያሬድ ሕይወትና የክረምት ማኅሌት በድሬዳዋ

በድሬዳዋ ከተማ በሚገኙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን የሚደርሰው የዘመነ ክረምት ዜማ ዘርን፣ ደመናን፣ ወንዞችንና ብርሃንን እያነሣ ፈጣሪን ያመሰግናል። የዚህ ሥርዓት ደራሲ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ቤተ ክርስቲያኒቱ ታስተምራለች። የያሬድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የዜማ መሥራችነቱን ለማስረዳት ነው። በታሪኩ ውስጥ ፍጥረት የያዘው ስፍራ ግን ራሱን የቻለ ምርመራ ይገባዋል፤ ያሬድ ስለ ፍጥረት ከማዜሙ አስቀድሞ ከፍጥረት የተማረ ሰው ሆኖ ቀርቧልና።

በትውፊት መሠረት ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ በአክሱም መምህር ለነበረው ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ሕፃኑ ግን ትምህርት አልገባህ አለው። መምህሩ በገረፈው ጊዜ ሸሽቶ ማይኪራህ በተባለ ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። በዚያም አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ እንደገናም ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው እንደ ደረሰ ይተረካል። ያሬድ ከዚህ ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠይቆ ትምህርቱን ፈጸመ፤ በኋላም ዲቁናን ተሾመ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በአዕዋፍ በኩል ነው። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት ተልከው በሰው አንደበት አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ወስደው የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ አሰሙት። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አዜመ፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሲያዳምጡት ዋሉ። አርያም ተብሎ የሚታወቀው ይህ የመጀመሪያ ዜማ ሁለት ነገሮችን ያያይዛል፦ የሰማይን መመሥረትና ለሙሴ የታየውን የድንኳን አሠራር። የዓለም መፈጠርና የማምለኪያው ስፍራ መታነጽ በአንድ ምስጋና ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍትም የያሬድ ድርሰቶች እንደ ሆኑ ይታመናል። ድጓው ዜማን ከዓመቱ ወቅቶች ጋር አስማምቶ የሚሄድ ነው። በዘመነ ክረምት መጀመሪያ ዘርና ደመና ይታሰባሉ፤ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፤ ከነሐሴ 10 ጀምሮ እጓለ ቋዓት የተባሉት የቁራ ጫጩቶችና ደሰያት፤ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ጎሕ፣ ጽባሕና ብርሃን ይከተላሉ።

የያሬድ የቤተ መንግሥት ዘመን ያበቃው በደም ነው። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ሁለቱም በዜማው ተመሥጠው ነበርና ንጉሡ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ሲወጋ አልታወቃቸውም። ዜማው ሲፈጸም ደንግጦ ጦሩን የነቀለው ንጉሥ ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቅ ነገረው። ያሬድም አስቀድሞ ካስማለው በኋላ ለምናኔ እንዲያሰናብተው ለመነ፤ ንጉሡ ቢያዝንም መሐላውን ማፍረስ አልቻለም። ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ቀሪ ዘመኑን በጾምና በጸሎት አሳለፈ፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ነው።

ይህን ሕይወት የሚተርኩት ገድሉና ስንክሳሩ የተጻፉት ከያሬድ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው ነው። የዜማው ምልክቶች ሥርዓት መያዝም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ስለዚህ ትረካው የ6ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ክንውን በቀጥታ ከመመስከሩ ይልቅ፣ ሊቃውንቱ ዜማ ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚደርስ የያዙትን አስተሳሰብ ይገልጣል። ከትልና ከወፍ የተማረ ዜመኛ የፍጥረት ጌታ ሆኖ አይናገርም፤ ደቀ መዝሙር ነው።

ይህ አስተሳሰብ በድሬዳዋ ብርቱ ፈተና ገጥሞታል። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ሞቃትና ደረቅ ናት፤ መካከሏን የሚያቋርጠው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። በስተ ደቡብ ባሉት ደጋዎች ኃይለኛ ዝናም ሲጥል ግን በድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዕለቱ ምእመናን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዙበት ከሐምሌ 19 በዓል አሥር ቀናት ብቻ ዘግይቶ፣ ነጎድጓድና አፍላግ በሚታሰቡበት በዚያው የድጓ ክፍል ውስጥ የዋለ ነበር።

በያሬድ ሥርዓት ግን ምስጋናው በአፍላግ ላይ አይቆምም። ከጎርፉ በኋላ አሥር ቀናት ያህል ቆይቶ የገባው ክፍል የእጓለ ቋዓት ነው፤ በትውፊቱ እናት አባታቸው የተዋቸውን፣ ከፈጣሪ በቀር መጋቢ የሌላቸውን ጫጩቶች የሚያስብ። ከዚያም ጎሕና ብርሃን ይመጣሉ። ሥርዓቱ ወንዙ የሚያስፈራ መሆኑን ሳይሸሽግ ወላጅ አልባዎቹን ከወንዙ አጠገብ ያስቀምጣል። አባቱን በልጅነቱ ያጣው የአክሱሙ ዜመኛ ስም በዚህ ሥርዓት ላይ መጻፉም ከታሪኩ ጋር የሚስማማ ነው። በድሬዳዋ የክረምት ማኅሌት የፍጥረት ምስጋና የመሆኑን ያህል ከፍጥረት ጋር የመኖር ትምህርት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።