ኢቫን ፓቭሎቭ፦ ተማሪና አስተማሪ

በጦር ሠፈር የምሳ ጡሩምባ ሲነፋ ወታደሩ ገና ሳህኑን ሳያነሣ አፉን ምራቅ ይሞላዋል። በከተማም ቢሆን ከጎረቤት ቤት የሽንኩርት ቁሌት የሸተተው፣ ወይም ሎሚ ሲቆረጥ ያየ ሰው፣ ምላሱ ላይ ምንም ሳያርፍ አፉ ውኃ ያቀርራል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ጉዳዬ ብሎ ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጉዳዬ ብሎ የጠየቀውና ለመልሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከመው ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ ነው። ስሙ በዓለም የገነነው በውሾቹ ነው። እኛ ግን ዛሬ በይበልጥ የምናወሳው ትምህርቱን ነው፤ ይኸውም እርሱ ራሱ ከምረቃ በኋላ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ሳለ የደረሰበትን ችግርና፣ ኋላም ከየጦር ክፍሉ የመጡ ሐኪሞችን ለዶክትሬት ማዕርግ ያበቃበትን መንገድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊዚዮሎጂ ማለት የአካል ክፍሎች ሕይወት ባለው ሰውነት ውስጥ ሥራቸውን እንዴት እንደሚያከናውኑ የሚመረምር ትምህርት ነው። አናቶሚ ልብ የት እንዳለና ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ፊዚዮሎጂ ደግሞ ልብ በሩጫ ጊዜ ለምን እንደሚፈጥንና በእንቅልፍ ጊዜ ለምን እንደሚረጋ ይጠይቃል። ፓቭሎቭ ወጣት በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ በአብዛኛው የሚጠየቀው ደንዝዞና ተቀዶ ከጠረጴዛ ላይ በተጋደመ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም በሚሞት እንስሳ ላይ ነበር። ይህ አሠራር ብዙ ቁም ነገር አስገኝቷል። ሆኖም ሊሞት በማጣጣር ላይ ያለ አካል ስለ ጤነኛ አካል የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል? የፓቭሎቭ የዕድሜ ልክ ሙግት ከዚህ ላይ ይጀምራል።

የተወለደው በ1849 ከሞስኮ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሪያዛን ከተማ፣ ከአንድ ቄስ ቤት ነው። በሕፃንነቱ ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ በመጎዳቱ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ፣ በ11 ዓመቱ ነበር። የአባቱን ፈለግ ይከተላል ተብሎ ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ቢላክም፣ ከእጁ የገባ አንድ መጽሐፍ ሐሳቡን አስለወጠው። መጽሐፉ በ1863 የታተመው የኢቫን ሴቼኖቭ ሥራ ሲሆን፣ የአንጎልን ተግባር በሪፍሌክስ፣ ማለትም ከውጭ ለሚመጣ መነሻ ሰውነት በነርቭ አማካይነት በሚሰጠው ምላሽ ለማስረዳት የሞከረ ነው። ሴቼኖቭ ራሱ የሠራዊት መሐንዲስ መኮንን ሆኖ ካገለገለ በኋላ የጦር ልብሱን አውልቆ ወደ ሕክምና የገባ ሰው ነበር። ፓቭሎቭም በ1870 የክህነቱን ትምህርት ሳይፈጽም ትቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

በዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ መምህሩ ኢሊያ ሲዮን ነበር። ሲዮን በቀዶ ጥገና የረቀቀ እጅ የነበረው፣ በፈተና ግን ምሕረት የማያውቅ መምህር ነበር። በእርሱ ሥር ፓቭሎቭ ከአንድ ጓደኛው ጋር በቆሽት ነርቮች ላይ ያደረገው ጥናት የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት። በ1875 እንደ ተመረቀ ወደ ሕክምናና ቀዶ ጥገና አካዳሚ ገባ፤ ይህ ተቋም ኋላ የጦር ሠራዊት ሕክምና አካዳሚ የተባለው ነው። የገባው በሽተኛ ለማከም አስቦ አልነበረም። በፊዚዮሎጂ የፕሮፌሰርነት ወንበር ለመያዝ የሕክምና ዶክትሬት ያስፈልግ ስለ ነበር ነው። ሲዮን በአካዳሚው ረዳቱ ሊያደርገው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ በመምህሩ ላይ ተነሡበትና ሲዮን ወንበሩን ለቆ ሄደ። የተተካው መምህር ያንኑ የረዳትነት ሥራ ለፓቭሎቭ ሊሰጠው ቢፈቅድ፣ መምህሬ በተገፋበት ቦታ አልገባም ብሎ እምቢ አለ። ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት እንጀራውን እንዲህ ሲገፋ ማየት የተለመደ አይደለም፤ ይህ ግትርነት ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ አብሮት ኖሯል።

ቀጥሎ ባገለገለበት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ፣ ውሾች ያለ ማደንዘዣ ከጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብለው እንዲተኙ በትዕግሥት እያለማመደ የደም ግፊታቸውን ይለካ ጀመር። ያልደነገጠና ያልታሰረ እንስሳ የደም ግፊት ከምግብ በኋላ እንኳ እምብዛም እንደማይለዋወጥ ያየው በዚህ ጊዜ ነው። በ1878 ደግሞ ስመ ጥሩው ሐኪም ሰርጌይ ቦትኪን በክሊኒኩ ግቢ ያለውን ላቦራቶሪ በኃላፊነት ሰጠው። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ ለዘበኛ ማደሪያ ወይም ለመታጠቢያ ቤት የሚመች አነስተኛ የእንጨት ቤት ነበር። የነገሩ አስገራሚነት ግን ከዚህ ይልቃል፤ ገና የራሱን ዶክትሬት ያልያዘው ፓቭሎቭ በዕድሜ የሚበልጡትን ሐኪሞች የዶክትሬት ጥናት ይመራ ነበርና።

በ1879 ከአካዳሚው በወርቅ ሜዳሊያ ተመርቆ ለከፍተኛ ጥናት የሚሰጠውን ድጎማ አገኘ። በ1881 ሴራፊማ ካርቼቭስካያ የተባለችውን መምህርት አገባ፤ ያን ጊዜ ለሁለት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። ባልና ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ የተጠለሉት ወንድሙ ዲሚትሪ ዘንድ ነው፤ ዲሚትሪ የታላቁ ኬሚስት የሜንዴሌየቭ ረዳት በመሆኑ የመንግሥት ቤት ነበረው። የመጀመሪያ ልጃቸው በሕፃንነቱ ሞተ። ችግሩን ያዩ ወዳጆቹ በልመና እንዳይመስልበት ብለው፣ ስለ ልብ ነርቮች ትምህርት ስጠን በሚል ሰበብ ገንዘብ አዋጥተው ሰጡት፤ እርሱ ግን ገንዘቡን ትምህርቱን በተግባር የሚያሳይባቸውን እንስሳት ገዝቶ ጨረሰው። ታሪኩን የሚጽፉ ሁሉ ይህን ለሳይንስ ያለውን ፍቅር ለማሳየት ያነሡታል። እውነት ነው፤ ሆኖም በዚያ ዕለት ከቤት ተቀምጣ የምትጠብቀው ሴራፊማ ምን እንደተሰማት መገመት አያስቸግርም። የዚያ ዶክትሬት ዋጋ ግማሹን የከፈለችው እርሷ ናት።

ለማዕርጉ ያበቃው ጥናት በ1883 የቀረበ ሲሆን፣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርዱትን ነርቮች የሚመለከት ነበር። የልብን ምት ከሚያዘገዩትና ከሚያፋጥኑት ነርቮች ሌላ፣ የምቱን ጉልበት ብቻ የሚያበረቱና የሚያደክሙ መኖራቸውን አሳየ። ከዚያም ከ1884 እስከ 1886 ወደ ጀርመን ተልኮ በብሬስላው ከሃይደንሃይን፣ በላይፕሲግ ከካርል ሉድቪግ ዘንድ ተማረ። ይህን ሁሉ ጨርሶ ሲመለስ የጠበቀው ወንበር አልነበረም። ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቶ በሁለቱም ሳይመረጥ ቀረ። በመጨረሻ በ1890 አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በጦር ሠራዊት ሕክምና አካዳሚ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1891 አዲስ በተቋቋመው የሙከራ ሕክምና ተቋም የፊዚዮሎጂን ክፍል፣ በ1895 ደግሞ የአካዳሚውን የፊዚዮሎጂ ወንበር ያዘ።

እነሆ አሁን ተማሪው አስተማሪ ሆነ። በዚያ ዘመን የሩሲያ ሐኪም በማዕርግና በደመወዝ ከፍ ለማለት የዶክትሬት ዲግሪ ይረዳው ስለ ነበር፣ ብዙዎች፣ በተለይም የሠራዊት ሐኪሞች፣ ለሁለት ዓመት ያህል ከሥራቸው ፈቃድ እያገኙ ወደ ፒተርስበርግ ይመጡ ነበር። ከ1891 እስከ 1904 ባለው ጊዜ ወደ መቶ የሚጠጉ ሐኪሞች በፓቭሎቭ ላቦራቶሪ ሠርተዋል። አብዛኞቹ ቁስል ማሰርና ወባ ማከም ያውቁ ነበር እንጂ ሙከራ አካሂደው አያውቁም። ፓቭሎቭ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄና አንድ ውሻ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ከውሻው ጎን ተቀምጦ በየሰዓቱ የሚወርደውን ጭማቂ በሚሊ ሊትር እየለካ ይመዘግባል፤ ፓቭሎቭ በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ መዝገቡን ያያል፤ ቁጥሩ ካልጣመው ይቆጣል፤ ሙከራውም ይደገማል። ሲቆጣ ድምፁ ከውጭ ይሰማ ነበር ይባላል። ለማዕርጉ የሚቀርበው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እየተነበበለት ያርመው ነበር።

ውሾቹ እንደ ቀድሞው በአንድ ቀን ተቀደው የሚሞቱ አልነበሩም። ፓቭሎቭ በላቦራቶሪው ውስጥ ለሰው ሆስፒታል የሚሆን ንጹሕ የቀዶ ጥገና ክፍል አዘጋጀ፤ የተቀደዱት ድነው ለወራትና ለዓመታት ይመረመሩ ነበር። ከሙከራዎቹ ሁሉ ዝነኛው የውሻውን የምግብ ቧንቧ ከአንገቱ ላይ ቆርጦ አፉን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ውሻው ሥጋውን ይበላል፤ የዋጠው ግን በአንገቱ በኩል ተመልሶ ከሳህኑ ይወድቃል፤ ወደ ጨጓራው አንዳች አይደርስም። ሆኖም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ባዶው ጨጓራ ጭማቂውን ማፍሰስ ይጀምራል። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ጭማቂው ይቀራል። ስለዚህ ጨጓራን የሚያዝዘው የምግቡ መንካት ብቻ ሳይሆን ከራስ ቅል በነርቭ የሚወርድ መልእክት ጭምር መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ የከበደው ደግሞ ከጨጓራው ጥቂቱን ነጥሎ ነርቩ ሳይቆረጥ ለብቻው ትንሽ ከረጢት የማድረግ ሥራ ነበር። መምህሩ ሃይደንሃይን ከረጢቱን ቢሠራም ነርቩን ሳይቆርጥ አልቻለም። ፓቭሎቭ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ውሾች ከሞቱበት በኋላ ተሳካለት። ከዳኑት መካከል ድሩዦክ፣ ትርጓሜውም ትንሹ ጓደኛ፣ የተባለው ውሻ ለሐኪሙ ለኪዢን የ1894 ዶክትሬት አስገኝቷል። በድሩዦክ ላይ እንደታየው ለዳቦ፣ ለሥጋና ለወተት የሚፈሰው ጭማቂ በመጠኑም በኃይሉም የተለያየ ነው፤ ለዳቦ የሚፈሰው ምግብን በመፍጨት ኃይሉ ከሁሉ ይበረታል። እነዚህ ሁሉ ውጤቶች በ1897 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ።

ግን ግኝቱ የማን ነው? ጽሑፎቹ የታተሙት በሐኪሞቹ ስም ነው፤ ጥያቄውንም፣ ቀዶ ጥገናውንም፣ ትርጓሜውንም የሰጠው ፓቭሎቭ ነው። የኖቤል ሽልማት መራጮች በዚሁ ተቸግረው በ1901 ሁለት ሊቃውንት ወደ ፒተርስበርግ ልከው ላቦራቶሪውን አስመረመሩ። ሽልማቱም በ1904 ለፓቭሎቭ ብቻ ተሰጠ፤ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ሩሲያዊም ሆነ። እርሱ በመጽሐፉ ውስጥ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም ከሥራው ጋር ማንሣቱ ሊመሰገንበት ይገባል። ዛሬም ቢሆን በየዩኒቨርሲቲው በመምህርና በተማሪ መካከል የሚነሣው ክርክር ይኸው ነው።

አፍ ምግብ ሳይነካ ምራቅ የመሙላቱ ጥያቄም ከእነዚሁ ከሐኪሞች ጥናት ወጣ። አንድ ውሻ ጥቁር ቀለም የተጨመረበት አሲድ አፉ ውስጥ ሲደረግበት ከቆየ፣ ኋላ ተራ ጥቁር ውኃ ሲያይ ምራቁ ይወርዳል። ከሐኪሞቹ አንዱ ስናርስኪ ይህን በውሻው ሐሳብና ስሜት ሊያስረዳ ፈለገ። ፓቭሎቭ አልተቀበለውም፤ ውሻው ምን እንደሚያስብ ማወቅ አንችልም፣ የምራቁን ጠብታ ግን መቁጠር እንችላለን የሚል አቋም ያዘ። ከዚህ ልዩነት በልምድ የሚገኝ ሪፍሌክስ የተባለው ትምህርት ተወለደ፤ በ1903ም በማድሪድ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ አሰማው። ሕዝብ የሚያስታውሰው ደወሉን ብቻ ነው፤ በላቦራቶሪው ግን በይበልጥ ያገለገሉት የሜትሮኖም ምት፣ የመብራት ብልጭታና የቆዳ መነካት ነበሩ።

ከአብዮቱ በኋላ በነበረው የረሃብ ጊዜ ውሾቹ አለቁበት፤ እርሱም በተቋሙ መሬት ላይ አትክልት ተከለ። በጃንዋሪ 1921 ሌኒን በፈረመው ውሳኔ ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ እንዲሟላ ታዘዘ። ፓቭሎቭ ግን አዲሱን መንግሥት በግልጽ ከመንቀፍ አልተመለሰም። በ1920ዎቹ አጋማሽ የቄሶች ልጆች ከአካዳሚው ሲባረሩ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ፤ ለሲዮን ሲል እንጀራውን የገፋው ወጣት በ75 ዓመቱም አልተለወጠም ነበር። ወንበሩን የወረሰው ተማሪው ሌዮን ኦርቤሊ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አካዳሚውን በሙሉ እስከ መምራት ደርሷል።

በሴፕቴምበር 1924 ከተማዋን ባጥለቀለቃት ጎርፍ ውሾቹ ከጎጆአቸው በዋና ተጎትተው ወጡ፤ ከአንዳንዶቹም በዓመታት ልምምድ ያገኙት ሪፍሌክስ ጠፍቶ ተገኘ። ሽማግሌው ይህን እንደ አዲስ ጥያቄ ይዞ ድንጋጤ አእምሮን እንዴት እንደሚያናውጥ ማጥናት ቀጠለ። በኦገስት 1935 በ85 ዓመቱ በሌኒንግራድ የተከፈተውን ዓለም አቀፍ የፊዚዮሎጂ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ፤ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1936 በሳንባ ምች ሞተ። ጉባኤው በተደረገበት በዚያው በ1935 በሙከራ ሕክምናው ተቋም ግቢ ውስጥ ለውሻ ሐውልት ተሠርቶ ነበር፤ ሐውልቱ ዛሬም በቦታው ቆሞ ይገኛል።