የአንጎልን መንገድ የመረመሩ ሊቅ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ፥ ከየመንደሩም መጥተው ከዚሁ የሚጋጠሙትን የእግር መንገዶች ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፥ ገበያተኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳያይ አስቀድሞ ሊናገር ይችላል። የአንጎልም ሥራ ከመንገዶቹ አቀማመጥ ሊታወቅ እንደሚቻል ካስረዱት ሊቃውንት ዋነኛው፥ የእስጳንያው ተወላጅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ናቸው።

እኒህ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም. በሰሜን እስጳንያ ከአንዲት ትንሽ መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ሥዕልን እጅግ ይወዱ ነበር። ሐኪም የነበሩት አባታቸው ግን ሥዕልን እንደ ከንቱ ነገር ቈጥረው፥ ልጃቸውን ከጠጕር ቈራጭና ከጫማ ሰፊ ዘንድ ሥራ እንዲለምዱ ሰጧቸው። በኋላ ግን አባትየው ራሳቸው የአጥንትን ትምህርት ስላስተማሯቸው፥ የሥዕል ፍቅራቸው ከሕክምና ዕውቀት ጋራ ተባበረ። በ1873 ሐኪም ሆኑ፤ በሚከተለውም ዓመት ከጦር ሠራዊት ጋራ ወደ ኩባ ሄደው በወባ ታመው ተመለሱ።

ኢጣልያዊው ካሚሎ ጎልጂ የነርቭን ሕዋስ በብር ጨው የሚያጠቍር ዘዴ አግኝተው ነበር። ካኻል ይህን ዘዴ በ1887 ተመልክተው አሻሻሉት፤ በአጉሊ መነጽር ያዩትንም በእጃቸው ሣሉ። በዚያን ጊዜ ጎልጂና ሌሎች ብዙ ሊቃውንት፥ የነርቭ ክሮች ሁሉ እንደ መረብ አንድ ሆነው የተያያዙ ናቸው ይሉ ነበር። ካኻል ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን በ1888 አስታወቁ። የዓይንና የአፍንጫ ሕዋሳትም ቅርንጫፋቸውን ብርሃንና ሽታ ወደሚመጣበት፥ ረጅሙን ክራቸውን ወደ አንጎል ማዞራቸውን አይተው፥ መልእክት በቅርንጫፉ ገብቶ በረጅሙ ክር እንደሚወጣ በ1891 ከቅርጹ ደመደሙ።

ጽሑፋቸው በእስጳንያ ቋንቋ ስለ ነበረ አንባቢ አላገኘም። ስለዚህ በ1889 ናሙናቸውን ይዘው ወደ በርሊን ሄዱ፤ በዚያም ስመ ጥሩው ሊቅ ኮሊከር አይተው ተቀበሏቸው። በ1906 የኖቤልን ሽልማት ከጎልጂ ጋራ ተካፈሉ፤ ጎልጂ ግን በዚያው በዓል እንኳ ሐሳባቸውን ተቃወሙ። ካኻል በ1934 በማድሪድ ዐረፉ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ የኤሌክትሮን አጉሊ መነጽር በሕዋስና በሕዋስ መካከል ያለውን ክፍተት አሳይቶ እውነተኛነታቸውን መሰከረ።

በ2024 ደግሞ የአንዲት ትንሽ ዝንብ አንጎል፥ ከ139 ሺሕ የሚበልጡት ሕዋሳቱ ከነመጋጠሚያቸው በካርታ ተመዝግቦ ወጣ። በዚሁ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ከዝንብ ዓይን የነርቭ ካርታ ተነሥተው፥ እንቅስቃሴን መለየት የተለማመደ የሒሳብ አምሳያ ሠሩ፤ አምሳያውም የ64 ዓይነት ሕዋሳትን ሥራ ተንብዮ፥ ቀድሞ በሕያው ዝንብ ላይ ከተለካው ጋራ በብዙው ተስማማ። ይሁን እንጂ መንገድ የገበያተኛውን ብዛት እንደማይናገር ሁሉ፥ ካርታም ብቻውን የመልእክቱን ኀይል አይገልጽምና መለካት የግድ ነው።

ከዚህ የምንማረው፥ በአገራቸው ብዙ መሣሪያ ሳይኖራቸው አንድ ሰው በትዕግሥት መመልከታቸው፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚነሣው ሥራ መሠረት መሆኑን ነው። ተማሪውም ያየውን በትክክል መሣልንና መመዝገብን እንደ ትንሽ ሥራ አይቍጠረው።